እንሽላሊት ቀላቢዋ ዶክተር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ባልደረቦቼ አረንጓዴ ክሬም የተቀባ ኬክ አስቆረሱኝ። ኬኩ በእንሽላሊት ቅርጽ የተሠራ ነበር፤ ጢሙ ሳይቀር በቸኮሌት ተስሎለታል። ከመካከላቸው አንዷ ወጣት ወደዚህ ሥራ እንዴት እንደገባሁ ጠየቀችኝና በፈረንጅ አቆጣጠር ስለ ዘጠናዎቹ ዓመታት፣ ስለ ሆሎዌዩ ሱቅ፣ ስለ ባተርሲው ማምረቻ እያዋዛሁ አጫወትኳት። እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት የሀገሬ ሰው ደወለችልኝ። ጡረታ መውጣቴን ብነግራት እንኳን ደስ አለሽ አለችና ለመሆኑ ሥራሽ ምን ነበር፣ ረሳሁት ብላ ጠየቀችኝ። በእንግሊዝኛ ስቄ ያወራሁት ነገር በአማርኛ ሲጠየቅ ዛሬም ፊቴን ያግለዋል። ስለዚህ በአማርኛ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ለንደን የመጣሁት ለትምህርት ነው፤ የእንስሳት ጤና እየተማርኩ ነበር። ሀገር ቤት መንግሥት ሲለወጥ የላከኝ መሥሪያ ቤት ዝም አለ፣ ትምህርቱም ተንጠልጥሎ ቀረ። ጥገኝነት አፕላይ አድርጌ ወረቀቱ እስኪመጣ ድረስ ቢሮ አጸዳሁ፣ አሮጊቶች ጦርኩ፣ ሳህን አጠብኩ። አንድ ቀን በሆሎዌይ ሮድ ሳልፍ ከአንድ ጫማ ጠጋኝ ጎን ያለ ሱቅ መስኮት ላይ "ሠራተኛ እንፈልጋለን፣ እንስሳ የምትወድ" የሚል ወረቀት አየሁ። ድመትና ውሻ መስሎኝ ገባሁ። የተቀበለኝ ግን የሞቀ አሸዋ ሽታና በየመስታወቱ ውስጥ ተጋድሞ የሚያፈጥብኝ እንሽላሊት ነበር። እኔ ያደግኩት እንሽላሊት ሲያዩ ድንጋይ የሚያነሱ ሰዎች መካከል ነው። ወጥቼ ልሄድ ስል የሱቁ ባለቤት ዶሪን ሻይ ትጠጪያለሽ ወይ አለችኝ፤ ውጭ ደግሞ ዝናብ ነበር።

ዶሪን ስልሳ ዓመት ያለፋት፣ ወገቧ የጎበጠ፣ ሹራቧ ሁልጊዜ ቅጠል የያዘ ሴት ነበረች። ስለ እነዚህ እንስሳት የማውቀውን ሁሉ ያስተማረችኝ እሷ ናት። አንድ ደንበኛ መጥቶ ለእንሽላሊቴ ምግብ ስጪኝ ካላት ወዲያው አንሥታ አትሰጠውም። ትናንት ምን በላ? ከትናንት ወዲያስ? መብራቱን የለወጥከው መቼ ነው? እያለች ታደርቀዋለች። እንስሳውን ይዞ ከመጣ ባንኮኒው ላይ ጋዜጣ አንጥፋ ታስረግጠዋለች፤ አረማመዱን ሳታይ አፏን አትከፍትም። ከዚያ አውራ ጣቷን ከመንጋጋው ሥር አስገብታ ቀስ ብላ ትጫናለች። ጤነኛው መንጋጋ እንደ አጥንት ይመልስልሻል፤ ካልሲየም የጎደለው ግን እሺ ይላል፣ ይለጠጣል። ይህን ለመለየት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ እጄን ይዛ ደጋግማ አስዳስሳኛለች።

ሌላም ልማድ ነበራት፤ ያኔ እኔ እንደ ጉድለት የማየው። የማታውቀው ነገር ሲገጥማት ሰልፍ በሞላበት ሱቅ ውስጥ ድምጿን ከፍ አድርጋ "አላውቅም፣ ወደ ሐኪም ውሰደው" ትላለች። ለደንበኛ እንዲህ ይባላል እንዴ እል ነበር በሆዴ። እኔ ብሆን አንድ ነገር ባልኩት፤ ሰው ተስፋ አድርጎ መጥቶ እንዴት ባዶ እጁን ይመለሳል?

ሥራውን ግን ወደድኩት። እነዚህ ባለጢም እንሽላሊቶች አገራቸው የአውስትራሊያ በረሃ ነው። ሲቆጡ ከጉሮሯቸው ሥር ያለው እሾሃማ ቆዳ ተነፍቶ ይጠቁራል፤ ጢም የተባለው እሱ ነው። ሲለምዱ ደግሞ ደረት ላይ ተለጥፈው ይተኛሉ። ፌንጣ ይበላሉ፣ ቅጠል ይበላሉ። ዶሪን ፌንጣዎቹን ራሳቸውን አስቀድማ ካሮትና ጎመን ትቀልባቸው ነበር፤ ፌንጣው ባዶ ሆዱን ከሆነ እንስሳው የሚበላው ቅርፊት ብቻ ነው ትላለች። ከዚያ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከካልሲየም ዱቄት ጋር ታደርግና ነጭ እስኪለብሱ ድረስ ቀስ አድርጋ ትንጣቸዋለች። መብራቱም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። እንደ ፀሐይ ጨረር የሚሰጠው ረጅሙ አምፖል ብርሃኑ ሳይጠፋ ጨረሩ ቀድሞ ይሞታል፤ በርቶ ስላየሽው ይሠራል ማለት አይደለም። ያ ጨረር ከሌለ ደግሞ የበላው ካልሲየም አጥንቱ ውስጥ አይገባም።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ከሱቁ ውጭ አንድም ሰው እንዲያውቅብኝ አልፈለግኩም። የሀበሻ ፊት በመስኮቱ ሲያልፍ ባየሁ ቁጥር ከባንኮኒው ሥር እጎነበሳለሁ። ዶሪን መጀመሪያ ዕቃ የወደቀብኝ መስሏት አብራኝ ትፈልግ ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ሻይ ስንጠጣ ሴቶቹ የት እንደምሠራ ጠየቁኝ። ፌንጣ እሸጣለሁ ልል አልቻልኩም። "ከእንስሳት ሕክምና ጋር የተያያዘ ነው" አልኩ። እንግዲህ ሐሰትም አልነበረም፣ እውነትም አልነበረም። ሳምንቱ ሳይዞር ዶክተር አድርገው ጠበቁኝ። ኧረ እኔ ዶክተር አይደለሁም ብዬ አንድ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ ትሕትና ነው ብለው የበለጠ አከበሩኝ። ከዚያ ተውኩት። አንዲት ሴትዮ እንኳ ሰላሌ ያለችው የወንድሜ ላም ወተት ቀነሰች፣ ምን ትላለሽ ብላ አማከረችኝ። የምችለውን ያህል መለስኩላት፤ ላሚቱ ተሻላት ሲባል ስሜ በአዳራሹ ጸና። ደስ አላለኝም አልልም። ወንበር ይለቀቅልኝ ነበር።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ባለጢሙ እንሽላሊት ፋሽን ሆነ። በየሰፈሩ ልጆች ለልደታቸው ይጠይቁታል፤ እናቶች ግን ቤታቸው ውስጥ ፌንጣ ሲዘል ማየት አይፈልጉም። ይህን ያየ ኮሊን የሚባል የወፍ ምግብ ነጋዴ ባተርሲ ከባቡር ሐዲዱ ሥር ባለ አንድ ጣሪያው ቅስት የሆነ መጋዘን ውስጥ የእንሽላሊት ማባበያ ማምረት ሊጀምር ሆነና ከዶሪን ሱቅ መርጦ ወሰደኝ። ማባበያ የምለው እነሱ ትሪት የሚሉትን ነው፤ ለልጅ ከረሜላ እንደማለት፣ እንስሳው እንዲለምድሽ በጣትሽ የምትሰጪው። ደመወዙ የተሻለ ነበር። ዶሪን አልተቆጣችም። ስሰናበታት "ማባበያን ማባበያ በዪው፤ ምግብ ነው ብለሽ እንዳትሸጪው" ብቻ አለችኝና ፌንጣዎቿን መናጧን ቀጠለች።

ባተርሲ ውስጥ ሠሪዋ እኔ ነበርኩ። የደረቀ የፌንጣ ዱቄት፣ የደረቀ ሣር፣ ፓፓያ፣ ማር በትልቅ ገበታ ላይ አሽቼ፣ በወንፊት አሳልፌ፣ ሽምብራ ሽምብራ የሚያክል ጥፍጥፍ አድርጌ አደርቀዋለሁ። መጀመሪያ የሠራሁትን የትኛውም እንስሳ አልነካልኝም። የሚገባውን ያህል ካልሲየም ጨምሬበት ስለነበር ኖራ ኖራ ይላል። እነዚህ እንስሳት ብርቱካናማና ቢጫ ቀለም እንደሚስባቸው ከዶሪን ሱቅ አውቅ ነበርና ቀለሙን አጎላሁት፣ ማሩን ጨመርኩ፣ ካልሲየሙን ቀነስኩ። አሁን ከእጅ እየነጠቁ በሉት። ኮሊን ጨበጠኝ። ካርቶኑ ላይ የሚስቅ እንሽላሊት አሠራና ከሥሩ "ለየቀኑ" የሚል አጻፈበት። አልፎ አልፎ ቢባል ይሻላል ስለው አልፎ አልፎ የሚገዛ ደንበኛ ምን ያደርግልኛል አለኝ። እኔም ወደ ገበታዬ ተመለስኩ። በሥራዬ ኮርቼ ነበር፤ እንዲያ አድርገው የሚሻሙትን ነገር በእጄ ሠርቼ አላውቅም።

ጋሼ ታደሰን የማውቃቸው ከአዳራሹ ነው። ድሬዳዋ ምድር ባቡር ሲሠሩ የኖሩ፣ በስደት የመጡ፣ ሚስታቸው እዚሁ ያረፈችባቸው ሰው ናቸው። ሱፋቸው የተተኮሰ፣ ባርኔጣቸው የተቦረሸ ነው፤ ሰው ሁሉ ሳይቀመጥ አይቀመጡም። ከእኔ በሃያ ዓመት እንኳ ሳይበልጡ አይቀሩም፤ ግን ዶክተር ነኝና "እርስዎ" ነበር የሚሉኝ። ዮናስ የሚባል እዚሁ ያደገ አንድ ልጅ አላቸው። ኢንጂነሪንግ ይማራል ይሉ ነበር። እሱ ክላፋም ከጓደኞቹ ጋር ይኖራል፤ ያኔ የተከራዩበት ቤት እንስሳ አይፈቅድምና ባለጢም እንሽላሊቱን አባቱ ዘንድ ትቶታል። ስሙን ንጉሤ ብለውታል። እሑድ እሑድ ቅዳሴው እንዳለቀ ጋሼ ታደሰ ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ሆሎዌይ ወዳለው ቤታቸው ይሮጣሉ። አንድ ቀን ምን ያስቸኩልዎታል ብላቸው ጎንበስ ብለው "ልጄ የሚመጣው ለእሱ ነው ዶክተር፤ እኔንም በዚያው ያየኛል" አሉኝ። እንደ ቀልድ ነው ያሉት፤ ዓይናቸው ግን አልሳቀም።

የእኔን ማባበያ ይገዙ ነበር። ዶክተር እዚያ እንደሚሠሩ ሰምቻለሁ፣ ስለዚህ ሌላ አልገዛም አሉኝ። እዚያ ምን እንደምሠራ አልጠየቁም፤ የምቆጣጠር መስሏቸዋል። ፌንጣውን ከተዉት ቆይተዋል፤ አምልጦ ቁም ሣጥን ውስጥ እየጮኸ እንቅልፍ ነሥቷቸው ነበር። ቅጠሉን ንጉሤ ራሱ ተወው። ማባበያውን ግን ለምሳ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያጎርሱታል። አፉን ይከፍታል፣ ያጎርሱታል፣ እንደገና ይከፍታል። እያዩት እኔ ብቻዬን እንዴት እበላለሁ ይላሉ። ከእኛ ሰው በቀር እንስሳን እንዲህ በጉርሻ የሚገድል ያለ አይመስለኝም። እሳቸው ግን የሚያውቁት መውደድ ይህ ነው፤ ካርቶኑም ለየቀኑ ይላል።

አንድ እሑድ ንጉሤ ደከም ብሎታል፣ ይዩልኝ ብለው ቤታቸው ወሰዱኝ። ዮናስም እዚያ ነበር፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እጁ በውሃ ብዛት የተሰነጣጠቀ ልጅ። ጋሼ ታደሰ አላልኩህም፣ ዶክተራችንን አመጣሁልህ አሉት። እንስሳውን ጠረጴዛው ላይ አስረገጥኩት። ሆዱን እየጎተተ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። የእግሩ ጣቶች ይንቀጠቀጡ ነበር። አውራ ጣቴን ከመንጋጋው ሥር አስገባሁ፤ እሺ አለኝ። መብራቱንም ቀና ብዬ አየሁት፤ በሰም የተለቀለቀ እስኪመስል ያረጀ ነበር። አጥንቱ እየሟሸሸ መሆኑን ያን ጊዜውኑ አውቄአለሁ። ምንም ጥርጣሬ አልነበረኝም።

ማለት የነበረብኝ አጭር ነገር ነው። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፣ ይህን ካርቶን ጣሉት። ሐኪም ዘንድ ውሰዱት ብል እርስዎስ ምንድን ነዎት ሊሉኝ ነው። ካርቶኑን ጣሉት ብል የሠራሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ታደሰ ቆመው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ልጃቸው ፊት በእኔ ኮርተው ይጠብቃሉ። በዚያ ፊት ላይ እንዴት አድርጌ አይሆንም እላለሁ? ይሉኝታ ያዘኝ ብል ደስ ባለኝ፤ ግማሹ ይሉኝታ ነው፣ ግማሹ ግን ወንበሬን ማጣት መፍራት ነው። "ትንሽ ድካም ነው፤ የካልሲየም ዱቄት እልክልዎታለሁ" አልኳቸው። ማባበያውንስ ሲሉኝ ቀነስ ያድርጉለት አልኩ። ታዲያ ምን ይብላልኝ ሲሉ እንግዲህ ትንሽ ትንሽ ይስጡት ብዬ ወጣሁ። ዱቄቱን በሰው ላክሁ። ራሴ አልተመለስኩም፤ ሊጠይቁኝ ሲመጡም አዳራሹ ማዶ ካለች ሴት ጋር ወሬ እጀምር ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዮናስ ንጉሤን ሊታቀፈው ሲያነሣው የኋላ እግሩ እጁ ላይ ተሰበረ። ክላፋም ያለ ሐኪም ዘንድ ይዞት ሮጠ። ሐኪሙ አጥንቱን በራጅ አይቶ ምን ነበር የሚበላው ብሎ ጠየቀው። ልጁ ካርቶኑን ወሰደለት። ከካርቶኑ ጀርባ የባተርሲው አድራሻ ተጽፏል።

ሁለቱም አብረው መጡ። እኔ የፀጉር መረብ አጥልቄ፣ ሽርጥ አገልድሜ፣ እጄ እስከ ክርኔ ብርቱካናማ ሆኖ ገበታው ላይ ተደፍቼ ነበር። ዮናስ ካርቶኑን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ከኋላው ጋሼ ታደሰ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ዶክተራችን ያስረዱሃል ብለው ይዘውት እንደመጡ በኋላ ሰማሁ። እጄን አዩት፣ መረቡን አዩት፣ ሽርጡን አዩት። የገባቸው ያን ጊዜ ነው፤ ሲገባቸው አየሁ።

"እዚህ ምንድነው የምትሠሪው?" አለኝ ዮናስ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት አባቱ መለሱ። "ዶክተር የሚቀመመውን ሊያዩ ነው የመጡት፤ ኢንስፔክሽን ነው" አሉ።

ከኋላዬ ኮሊን በእንግሊዝኛ ሁለተኛው ሊጥ እየደረቀብሽ ነው፣ ቶሎ በይ ብሎ ጮኸ። ልጁ ወደ አባቱ ዞረ።

"አባዬ፣ ለእሷም ትዋሽላታለህ?" አለ። "የንጉሤ ሌግ ብሮክን ነው። ቬቱ ፉዱ ነው አለ። እሷ ናት የሠራችው፣ ሉክ አት ሄር። አንተ ለእሷ ከቨር ታደርጋለህ?"

"ዶክተርን አክብር" አሉት ድምፃቸውን ሳይጨምሩ።

ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀምጦ ሄደ። አልወረወረውም፣ አስቀመጠው። ጋሼ ታደሰ ጎንበስ ብለው አነሡትና "ይቅርታ ያድርጉልን ዶክተር፣ ልጅ ነው" አሉኝ። ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። እኔም ምንም አይደለም አልኩ። በዕድሜዬ ብዙ ያሳፈሩኝ ነገሮች አሉ፤ ይህችን "ምንም አይደለም" የምታህል ግን የለችም። እያየኋት ወጣች፣ ልመልሳት አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ባሉት እሑዶች ጋሼ ታደሰ አይቸኩሉም ነበር። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ አዳራሹ ጥግ ተቀምጠው ሻያቸውን ይዘው እስኪቀዘቅዝ ይቆያሉ፤ ሰው ሲወጣ ነው የሚወጡት። ልጁ መምጣቱን እንደተወ ያወቅኩት በዚህ ነው። አሁንም ሲያዩኝ ብድግ ብለው ወንበር ይለቁልኛል።

ዶሪን ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት። መንጋጋውን ስትጫኚው ምን ተሰማሽ አለችኝ፤ ነገርኳት። ምን አልሻቸው አለችኝ፤ ይህንንም ነገርኳት። ሻዬን እስክጨርስ ድረስ ሚዛኗን አውጥታ እንስሳቱን ስትመዝን ቆየች። ስወጣ ሽርጤ ያው ሚስማሩ ላይ እንዳለ ብቻ አሳየችኝ። ኮሊንን "ለየቀኑ" የሚለውን አጥፋ አልኩት። ፊደሉን ትንሽ አድርጎ አሠራው፤ እኔም ወደ ሆሎዌይ ተመለስኩ። ማባበያው ግን ያለእኔም ተሽጧል፤ ስንት እንስሳ እንደበላው አላውቅም።

ዮናስ የሚኖርበትን ፈልጌ ክላፋም ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርጎ ሰማኝ። ዶክተር እንዳልሆንኩ፣ አባቱም ያን ዕለት ያን የተናገሩት እኔን ከኀፍረት ሊያድኑ እንደሆነ ነገርኩት። "አውቃለሁ" አለኝ። "እኔም ኢንጂነር ነኝ፣ አልነገረሽም?" ያኔ ነው የገባኝ፤ ቀሪውን ራሱ ነገረኝ። ልጁ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ አውቶቡስ ያጥባል። ትምህርቱን ካቆመ ቆይቷል። አባቱ ለአዳራሹ ሰው ሁሉ ኢንጂነሪንግ ይማራል እያሉ ስላስወሩ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ትቷል፤ አንድ ጊዜ በሥራ ልብሱ ሊመጣ ሲል በዚህ ልብስ አትምጣብኝ ብለውታል። የተጣሉትም በዚህ ነው። ለማያውቃት ሴት ይዋሽላታል፣ እኔን ግን እንደሆንኩት ለመጥራት ያፍራል አለኝ በእንግሊዝኛ። አሁን ያሉበት ቤት እንስሳ ስለሚፈቅድ ንጉሤን ወስዶታል። ወደ ሆሎዌይ የሚወስደው ነገር የለም።

በሚቀጥለው እሑድ አዳራሹ ውስጥ ማስታወቂያ ያለው ሰው ሲባል እጄን አወጣሁ። የወንበር መደገፊያ ይዤ ቆምኩ። እኔ ዶክተር አይደለሁም አልኩ። ትምህርቴን ሳልጨርስ ነው ያቆምኩት፤ ሥራዬ ሆሎዌይ ሮድ ላይ ለእንሽላሊት ፌንጣና ቅጠል መሸጥ ነው፤ ዶክተር ስትሉኝ ደስ እያለኝ ዝም ብያችሁ የሰው እንስሳ አስጎዳሁ አልኩ። አንዲት ወጣት ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ያቺ የላሚቱ ባለቤት እህት ከልቧ ደንግጣ "ታዲያ ላሚቱስ?" ብላ ጠየቀችኝ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እኔ የማውቀው መቀመጥ እንደፈለግኩና መሬቱ እንደራቀኝ ነው።

ሳቁ ሳያባራ ጋሼ ታደሰ ተነሡ። ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ፤ እሳቸው ማስታወቂያ ተናግረው አያውቁም። ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ ቆዩ።  ሻይ የምትቀዳው ልጅ ማንቆርቆሪያዋን እንዳንጠለጠለች ቀረች።

"የእኔም ልጅ አይማርም" አሉ። "አውቶቡስ ያጥባል። በክረምትም በበጋም ያጥባል።"

 ሲቀመጡ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ነው ያገኙት። አይዞዎት ያላቸው ሰው አልነበረም። አጠገባቸው የነበረው ሰውዬ ወንበሩን ትንሽ ፈቀቅ አደረገ፤ ቦታ ሊሰጣቸው ይሁን ሊርቃቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። አንገታቸው ደም መስሎ ነበር። በሕይወታቸው የቀራቸው ይህ የአዳራሽ ክብር ብቻ ነበር፤ እኔ ተነሥቼ ባልናገር ኖሮ ይዘውት ይሞቱ ነበር። የእኔን መናገር እንደ ጀግንነት ያወሩልኝ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ያን አንገት ነው የማስታውሰው።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ክላፋም ሄድኩ። ዮናስ በሩን የከፈተው ንጉሤን ደረቱ ላይ ለጥፎ ነው። የኋላ እግሩ በትንሽ እንጨት ታስሯል፤ መንጋጋው ተጣሞ ቀርቷል፣ ግን ዓይኑ ነቅቷል። ሐኪሙ ያዘዘውን መድኃኒትና ዱቄት የነካ ፌንጣ እየበላ መሆኑን ነገረኝ። አባትህ ትናንት ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ልጄ አውቶቡስ ያጥባል አሉ አልኩት።

"ማን አስክ አደረገው?"

"ማንም አልጠየቃቸውም።"

የእንስሳውን ጀርባ በአንድ ጣቱ ዳሰሰ።

"አፍሮ ነበር?" አለኝ።

ሊዋሽ የሚችል አፍ ነበረኝ፤ የለም፣ ኮርተው ነው የተናገሩት ማለት ይቻል ነበር።

"በጣም አፍረው ነበር" አልኩት።

ዮናስ አንገቱን ነቀነቀ። ንጉሤን ቀስ ብሎ ከደረቱ አላቅቆ በሁለት እጄ አስያዘኝና አባዬ አሁን ቤት ይኖራል ብሎ ኮቱን ሊያመጣ ገባ።